ወንዝ የማይሻገር መድኃኒት

መዝገቡ ያላየውን የማያምን ሰው ነው። ቀራንዮ ውስጥ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። «ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» ብሎ የሚምል ደንበኛ ቢመጣበት አይከራከርም። ጎማውን በግማሽ ተቆርጦ ውሃ በተሞላው በርሜል ውስጥ ይነክርና አረፋው ብቅ እስኪል ቀስ እያለ ያዞረዋል። አረፋ ካላየ አይለጥፍም። ሃያ ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ሲቆይ፣ ሚስት ሲያገባና ሁለት ልጅ ሲወልድ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብላ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ «ጎሚስታው» ተብሎ ስም ያወጣው በዚህ ድርቅናው ነው። እንግዲህ ይኸው ሰው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የገዛ እናቱ ነገር ሲሆንበት፣ ያላየውን አምኖ ሦስት ቀን ተቀመጠ።

እናቱ ሰርኬ ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ ኮልፌ ገበያ ቆጮ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት። ምላሷ ስለት፣ እጇ ለጋስ ነው። ባሏ መሸሻ የሞተው መዝገቡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ሲሆን፣ አሟሟቱን የሚጠይቅ ሰው ከሰርኬ የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወፍ ይዞት ነበር፤ መርፌ ወጉት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።» ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አትጨምርም። ቢጫ ያደረገው ሰው የወፍ በሽታ ይዞታል፣ ወፍ የያዘውን ሰው ደግሞ መርፌ ከነካው አያድርም የሚለውን ነገር ሰፈሩም አገሩም ስለሚያውቀው፣ ተጨማሪ ማብራሪያ የጠየቃት ሰው አልነበረም። መዝገቡም ሲያድግ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው እውነት ይኸው ነበር።

ስለዚህ አንድ እሑድ ምሳ ላይ የእናቱ ነጠላ ከፊቷ ሸርተት ብሎ የዓይኗ ነጭ እርድ የነካው መስሎ ሲታየው፣ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሰርኬ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብቃዋለች፤ ገበያም አልቀረችም። ጎኗን በቀኝ በኩል እየወጋት፣ ገላዋን እያሳከካት፣ ሰው ሲጠይቃት «ብርድ ነው» እያለች ከርማለች።

በማግስቱ ሰኞ መዝገቡና ሚስቱ ፀሎት አባብለው ሆስፒታል ወሰዷት። ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ በአልትራሳውንድ ካየች በኋላ መዝገቡን ወደ ጎን ጠርታ ነገሩን አስረዳችው። ከሐሞት ከረጢት የወረደ ጠጠር የሐሞቱን መውረጃ ቱቦ ዘግቶታል፤ ቢጫ ያደረጋትም መውጫ አጥቶ ወደ ደሟ የተመለሰው ሐሞት ነው አለችው። ዛሬውኑ ትተኛና በመርፌ መድኃኒት ይጀመርላት፤ ጠጠሩ ሆዷ ሳይቀደድ በአፍ በሚገባ ቱቦ ሊወጣ ይችላል። ከቆየ ግን ይመረዛል። ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ከመጣ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ ብላ ደግማ ደጋግማ አስጠነቀቀችው። የተዘጋ ቱቦ የሚባለው ነገር ለመዝገቡ ግልጽ ነበር፤ ሐኪሟንም ወደዳት። ዞር ሲል ግን እናቱ ጫማዋን አጥልቃ ቆማለች። ከወሬው ሁሉ «መርፌ» የምትለዋ ቃል ብቻ ጆሮዋ ደርሳለች።

በሩ ላይ ሲደርሱ የሸሚዙን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችው።

«መዝገቡ፣ መርፌ ብታስወጋኝ ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ።»

አንድ እናት ልጇን በጡቷ ካሰረች በኋላ የሚቀር ግዝት የለም። ቄስ ይፈታዋል የሚሉ አሉ፤ ያሰረችው እናት ራሷ ካልፈታችው ግን ቄስም አይፈታውም የሚሉት ይበዛሉ። ፀሎት እዚያው መንገድ ላይ አለቀሰች፣ ለመነች፣ ተቆጣችም። መዝገቡ ወሽመጡ ተቆረጠ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሲኖትራክ ጎማ ብቻውን የሚያነሳ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን እንደ ልጅ እናቱን ተከትሎ ወደምትለው ቦታ ሄደ።

የምትለውም ቦታ ሳንሱሲ ነበር። እዚያ ጋሽ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ፣ የወፍ በሽታ በማዳን የታወቁ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ዘንድ ታዝሎ ገብቶ በእግሩ የወጣውን ሰው ስም ሰርኬ እስከ አያቱ ትቆጥራለች። ሽማግሌው ዘባተሎ የሚያበዙ፣ ብር ብር የሚሉ ሰው አይደሉም። ዓይኗን ገልጠው፣ ጥፍሯን ተጭነው አዩና ሕጋቸውን ተናገሩ። መድኃኒቱ በማር ተለውሶ ሦስት ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ሦስቱን ቀን ፀሐይ አይነካትም። ከውጭ የመጣ ሰው ጥላም አያርፍባትም፤ የሚያስታምማት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ቤቱ አይመላለስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መድኃኒቱ ሆዷ ውስጥ እያለ ወንዝ መሻገር የለባትም። ከተሻገረች ይረክሳል፤ የረከሰ መድኃኒት ደግሞ መርዝ ነው።

ወደ ቤታቸውም ሆነ ወደ ሆስፒታሉ ለመመለስ ድልድይ አለ። ስለዚህ መዝገቡ ሱቁን ዘግቶ፣ ከሽማግሌው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርዶ ከእናቱ ጋር ተቀመጠ። ፀሎት ስንቅ ታመጣና አጥር ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ የሚነጋገሩት በስልክ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ወሰደች። ረፋድ ላይ አንጀቷ እስኪገለበጥ አረንጓዴ አስመለሳት። ሽማግሌው አይተው «ደግ ነው፣ ወጣ» አሉ። ሰርኬም ፊቷ በራና ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ጀመረች፤ የገበያ ሴቶችን ሐሜት አንድ በአንድ እያነሳች ልጇን አሳቀችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መዝገቡ ያን ቀን እናቴ ዳነች ብሎ አመነ፤ ስለማመኑም ዛሬ ድረስ ራሱን ይረግማል።

አመነ እንበል እንጂ እጁ አላመነም። የሃያ ዓመት ልማድ ሆኖበት፣ እናቱ ባልዲው ላይ ከሸናችው ትንሽ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀንሶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሐኪሟ የሽንቷን መልክ እንደጠየቀች አስታውሷል። ወፉ የሚለቅ ከሆነ ይጠራል፣ የማይለቅ ከሆነም ይታያል ብሎ ነው። የማክሰኞው የጠቆረ ሻይ ይመስል ነበር።

ረቡዕ ሁለተኛውን ወሰደች። ያን ቀን አላስመለሳትም፤ አልሳቀችምም። የሽንቷ መልክ ከሻይ አልፎ ወደ ጥቁር ሄደ። ከቀትር በኋላ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረች። መዝገቡ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበላት፣ ጃኬቱን ጨመረ፣ በመጨረሻም ራሱ አቅፏት ተኛ፤ አልጋው አብሯቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትተወው ገላዋ እንደ ምጣድ ጋለ። ዓይኗን ገለጠችና ትክ ብላ አየችው።

«መሸሻ፣ ተነስተህ ሂድ። እነሱ ሳይመጡ ሂድ» አለችው።

በአባቱ ስም ጠርታው አታውቅም። ሮጦ ሽማግሌውን ቢጠራቸው፣ መጥተው ግንባሯን ዳሰሱና «ወፉ ሊለቅ ሲል ያንቀጠቅጣል» ብለው ዓይኑን ሳያዩ ወጡ። ፀሎት መንቀጥቀጧን በስልክ ከሰማች በኋላ መልሳ ደወለች። ሐኪሟን ሄዳ አነጋግራት ኖሮ፣ ማንቀጥቀጥ ከመጣ አትጠብቁ ያልኩት ይኸንን ነው እንዳለች ነገረችው። መዝገቡ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ቢወስዳት ጡቷ አለ፤ ወንዙ አለ፤ አባቱ አለ። ባይወስዳት ይህ ከአልጋው የሚሰማው የእናቱ ትንፋሽ አለ። «ነገ ሦስተኛው ነው፣ ይለቃት ይሆናል» አላት። ፀሎት ስልኩን አልዘጋችበትም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛውን ጠርሙስ ከሁለቱ አጠገብ አቆመ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ብርሃን አስገባባቸው። የሐሙሱ ኮካ ነበር፤ ብርሃን አያሳልፍም። እዚያ ቆሞ ያየውን አየ። ጠርሙሶቹን በፌስታል አንጠለጠለና ጋሽ ወልደ አማኑኤል መድኃኒቱን ሲለውሱ ደረሰባቸው። ፊታቸው ደረደረላቸው።

ሽማግሌው አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሱ አዩ። ከዚያ የሚለውሱትን ዋንጫ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ወፍ ቢሆን በሁለተኛው ቀን መጥራት ይጀምራል» አሉ። «ይህ የእኔ አይደለም።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ትናንት ጠረጠርኩ። አንተ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ለእናትህም ነገርኳቸው። ለልጄ አትንገሩት፣ የመጣብኝን እዚሁ ልቀበለው ብለው እግሬን ያዙኝ። አንተን ሳይ አፌ እምቢ አለኝ። አጥፍቻለሁ ልጄ።»

መዝገቡ የሽማግሌውን ኮሌታ ሊያንቅ እጁ ተነሥቶ ነበር። ግን ጠርሙሶቹን ከትናንት ጀምሮ እሱም አይቷቸዋል። እጁን መለሰና ወደ ክፍሏ ሮጠ።

ሰርኬ ነቅታለች። ትኩሳቱ ለጊዜው ቀለል ብሎላት ዓይኗ ጠርቷል፤ የጠራው ግን ማየቱ ነው እንጂ ቢጫነቱ ብሶበታል። መኪና ልጥራ ብሎ ገና ከአፉ ሳይጨርስ ጡቴን ረሳኸው ወይ አለችው። አልረሳሁም አላት። ሽማግሌው ነግረውሽ ደብቀሽኛል፣ አውቀሽ ልትሞቺብኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸባት። በዕድሜው ጮኾባት አያውቅም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

ሰርኬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያም ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልወጣት ነገር ወጣ።

«አባትህን ክሊኒክ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። «አልሄድም ብሎኝ ነበር። እህቱም እናቱም አትውሰጂው ብለውኝ ነበር። ለምኜ ወሰድኩት። መርፌውን ሲያይ እጁን ሰበሰበ፤ ክንዱን ዘርግቼ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ማታ ሬሳውን ይዤ ገባሁ። ለቅሶው ላይ እናቱ በሰው ሁሉ ፊት ይዛ ሄዳ አስገደለችው አለችኝ። አገሬ ገብቼ የማላውቀው ለምን ይመስልሃል? እኔ ልሙት፤ እኔ አርጅቻለሁ። አንተ ግን እንደ እኔ የሟች ክንድ ይዘህ እንዳትኖር።»

መዝገቡ እናቱ መርፌ ትፈራለች ሲል ነው የኖረው። አሁን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ያለቀሰው ለእሷ ነው፤ ቆጮዋን እየመዘነች፣ ከሰው ጋር እየተሳሳቀች፣ ያን ክንድ ሠላሳ ሁለት ዓመት ይዛ ለኖረችው ሴት ነው። አባቱ በመርፌው ይሙት፣ እንደ እሷ ያለ ጠጠር ዘግቶት አርፍዶ ሄዶ ይሙት፣ አሁን ማንም አያውቀውም። ዓይኑን ጠርጎ እጇን ያዘ።

«እሺ እማ፣ ሳልወስድሽ ብትሞቺስ?» አላት። «ጎማ ለጣፊ ነኝ፤ ቀዳዳውን አይቼዋለሁ። አይቼ ዝም ካልኩ እሱንስ ማን ይሸከምልኛል?»

ሰርኬ ወደ እሱ ዞራ የጋለ መዳፏን ራሱ ላይ ጫነች።

«ፈትቼሃለሁ» አለችው። «ሂድ መኪናህን ጥራ።»

ዳባ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ደንበኛው ነበር፤ ሲደውልለት በሃያ ደቂቃ ደረሰ። መዝገቡ እናቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞ ሲያወጣት ጋሽ ወልደ አማኑኤል በር ላይ ቆመው ነበር። ፀሐዩን በጃንጥላ ሊከልሉላት ሞከሩና፣ የሚያደርጉት ራሳቸውን ገርሟቸው ይመስላል፣ ጃንጥላውን መልሰው አጠፉት። እግዜር ይማርሽ ብቻ አሉ።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ቆመ። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ የፊት ጎማው ፈንድቶበት መሐል ላይ ተጋድሟል፤ ሹፌሩና ረዳቱ በአንድ ደካማ ክሪክ ሊያነሱት ይታገላሉ። ከኋላ ጡሩምባ፣ ከሥር ወንዝ። ሰርኬ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ዓይኗን ጨፍና ወንዙን አለፍነው ወይ ብላ ጠየቀች። መዝገቡ ሊዋሻት ፈልጎ አቃተው። ገና ላዩ ላይ ነን አላትና ጭንቅላቷን ለዳባ አስደግፎ ወረደ። የሲኖውን ሹፌር ገፍቶ፣ ክሪኩን ቦታ አስቀይሮ፣ ብሎኑን በእግሩ እየረገጠ ፈታ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ጎማ ቀይሮ አያውቅም፤ እጁ ሲደማም አላየውም። ሲኖው ተንፏቆ ሲያሳልፋቸው እናቱ ወንዙ ላይ ሩብ ሰዓት ቆይታ ነበር። በሕይወት ነበረች።

ሐኪሟ ሰኞ ያየቻትን ሴት ለማወቅ ሁለቴ ማየት ነበረባት። ማንንም አልወቀሰችም፤ ፊቷ ግን ዳመነ። መመረዙ ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ግማሽ በግማሽ ነው፣ አሁኑኑ እንጀምር አለች። ነርሷ መርፌውንና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ፈቃድ ሰጪ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይፈርማል ብላ ብዕሩን ለመዝገቡ ዘረጋችለት። ተቀበላት። ብዕሩ የደማ ጣቱ ላይ ተንሸራተተበት።

«ለእሱ አትስጪው» አለች ሰርኬ።

ሁሉም ወደ አልጋው ዞሩ። ቀና ለማለት ትታገል ነበር። ነርሷ ታማሚዋ አቅም ሲያንሳት ልጅ ይፈርማል ብላ በትሕትና ልታስረዳት ሞከረች። ሰርኬ አልሰማቻትም። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስደርጋ፣ መሠረተ ትምህርት ገብታ የለየቻቸውን ሦስት ፊደላት አንድ በአንድ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ መስመሩን ስታ ጻፈች። ነርሷ ወረቀቱን አየችና ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ምን ልሙላ አለች።

«ራሷ ናት በይ። ልጇ የለበትም ብለሽ ጻፊልኝ።»

ከዚያ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች። መዝገቡ ክንዷን ሊደግፍላት ቢጠጋ በዓይኗ አቆመችውና በሩን አሳየችው። በስምንተኛው ቀን ከዚያው በር በእግሯ እንደምትወጣ በዚያ ሰዓት ማንም አላወቀም፤ ሐኪሟም ብትሆን አትምልም ነበር። መዝገቡ ወጣ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ኮሪደሩ ላይ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲቆም የእናቱ ድምፅ ከውስጥ ተሰማው።

«በይ ውጊኝ ልጄ» ትላት ነበር ነርሷን። «አይዞሽ፣ አትፍሪ።»